በሄልሜት ውስጥ የሚደረግ የጆሮ ማዳመጫ ሲመረጥ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በአዲስ አበባ በሞተር ሳይክል ዕቃ የማድረስ ሥራ ይሠራሉ፤ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ደግሞ ቤተሰብ ለመጠየቅ እስከ ሸዋ ሮቢት ይነዳሉ። ሄልሜታቸው ፊትን ጭምር የሚሸፍን ነው። አሁን ያላቸው ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ሄልሜቱን ሲያጠልቁ ይወልቃል፤ ባይወልቅም ጆሯቸውን ይቆረቁራቸዋል፤ ከከተማ ከወጡ በኋላ ድምፁን እስከ መጨረሻው ካልከፈቱት አይሰማቸውም። ከረጅም ጉዞ በኋላ ጆሯቸው እስከ ማግሥቱ ጭው ይላል። ሜሪላንድ የሚኖሩት ወንድማቸው አዲስ ማዳመጫ ሊልኩላቸው ፈልገው የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋቸዋል፤ «እዚህ በሁለቱም ጆሮ አድርጎ መንዳት ክልክል ነው» የሚል ማስጠንቀቂያም አክለውበታል። ጠያቂው የሚፈልጉት ድምፁ ከፍ ያለ፣ የማይወልቅና የመኪና ክላክስ የማያሳጣ ማዳመጫ ነው።

ውድ ጠያቂ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ስለ ማዳመጫው የጻፉት ሳይሆን በመጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ያነሡት የጆሮ ጭውታ ነው። ስለዚህ ምላሼን ከዚያ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም የጭውታውን መነሻ ሲረዱ ምን ዓይነት ማዳመጫ መግዛት እንዳለብዎ ራስዎ ያውቁታል፤ «ድምፁ ከፍ ያለ» የሚለው ፍላጎትዎም ከዝርዝሩ ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

በሄልሜት ውስጥ ትልቁ ጫጫታ የሞተሩ አይደለም። ፍጥነትዎ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያልፍ በሄልሜቱ ዙሪያ የሚተራመሰው ነፋስ የሞተሩን ድምፅ ይውጠዋል። በአሽከርካሪዎች ጆሮ ላይ ትንንሽ ማይክሮፎኖች ተደርገው በተወሰዱ ልኬቶች፣ በሄልሜት ውስጥ ያለው ድምፅ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 90 ዲሲቤል (ዲሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ፣ በ160 ኪሎ ሜትር ደግሞ 110 ዲሲቤል ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በሸኖና በደብረ ብርሃን መካከል ባለው ሜዳ ላይ በ80 ሲነዱ ጆሮዎ ውስጥ የሚገባው ጫጫታ ወደ 95 ዲሲቤል ይጠጋል ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ኢንስቲትዩት የሚመክረው ወሰን ለ8 ሰዓት 85 ዲሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት፣ 94 ለ1 ሰዓት ብቻ። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ወደ 220 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ የቀን ድርሻዎን ገና ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ይህም ምንም ሙዚቃ ሳይከፍቱ፣ በነፋሱ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ሄልሜት ድምፅ ይከላከላል ብሎ ያስባል። ሄልሜት የተሠራው ጭንቅላትን ከግጭት ለማዳን ነው፤ በውስጡ ያለው ስፖንጅ ቀጭን ድምፆችን በመጠኑ ያፍናል እንጂ የነፋሱ ድምፅ አብዛኛው ኃይል ያለበትን ወፍራም ጉምጉምታ አያስቆምም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ወፍራም ድምፆች ላይ የሄልሜቱ ክፍተት እንደ ከበሮ ሆኖ ያጎላቸዋል። ከዚህም ሌላ ከነፋሱ ብዙው የሚገባው ከታች፣ በአገጭና በአንገት በኩል ነው። ስለዚህ ምንም ገንዘብ ሳያወጡ ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አንገትዎን በስስ ስካርፍ በደንብ ጠቅልሎ በሄልሜቱ የታችኛው ጠርዝና በአንገትዎ መካከል ያለውን ክፍተት መዝጋት ነው። የስካርፉ ጫፍ ግን ጃኬት ውስጥ ይግባ፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ በሞተር ሳይክል ላይ አደጋ ነው።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራው። ነፋሱ 95 ከሆነና ማዳመጫዎ ጆሮን የማይደፍን ከሆነ፣ ዘፈኑን ወይም የስልክ መንገድ ጠቋሚውን ለመስማት ድምፁን ከነፋሱ በላይ ማድረግ አለብዎ፤ ይህም 100 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ እንዲያ ያለ ድምፅ የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ማዳመጫው የጆሮዎን ቀዳዳ በደንብ የሚደፍን ሆኖ ከነፋሱ 15 ወይም 20 ዲሲቤል ቢቀንስልዎ ግን የሚገባው ነፋስ ወደ 75 ወይም 80 ይወርዳል፤ መንገድ ጠቋሚውም በ80 ዲሲቤል አካባቢ በግልጽ ይሰማዎታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት 40 ሰዓት ሊደመጥ ይችላል ያለው መጠን ይኸው 80 ዲሲቤል ነው። እንግዲህ የማዳመጫ ምርጫ ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ይጮኻል?» ሳይሆን «ምን ያህል ይደፍናል?» የሚለው ነው። ማንኛውም ርካሽ ማዳመጫ ጆሮን እስኪጎዳ ድረስ መጮኽ ይችላል፤ በደንብ መድፈን የሚችለው ግን ጥቂቱ ነው።

«ጆሮዬን ከደፈንኩ ክላክስ እንዴት እሰማለሁ?» ማለትዎ አይቀርም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መስማቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በፍጥነት ሲነዳ ጆሮውን ሲደፍን ነፋሱም ክላክሱም አብረው ይቀንሳሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙም አይለወጥም። ክላክሱን የሚያሳጣው ከእርሱ የሚበልጠው ነፋስ ስለሆነ፣ ሁለቱም ሲቀንሱ ክላክሱ ከነበረው አይብስም፤ ጆሮው ከመጨናነቅ ስለሚድን ድምፆችን መለየት የሚቀላቸው አሽከርካሪዎችም ብዙ ናቸው። ክላክስ የሚደብቀው በላዩ ላይ የሚጨምሩት ሙዚቃ ነው። ስለዚህ አደጋው የሚመጣው ከመድፈኑ ሳይሆን ከድምፁ ቁልፍ ነው። ይህን የምለው ለአገር አቋራጭ መንገድ ነው፤ ስለ ከተማ ወደ ኋላ ለብቻው እናገራለሁ፤ መልሱ ሌላ ነውና።

ወደ ዓይነቶቹ ልግባ። ጆሮ ላይ የሚጋለብ ትልቅ ሄድፎን በሄልሜት ውስጥ አይገባም፤ ሊሞከርም አይገባም። በጉንጭ አጥንት በኩል ድምፅ የሚያስተላልፉት ማዳመጫዎች ለሯጮች ጥሩ ናቸው፤ በሄልሜት ውስጥ ግን የጉንጩ ትራስ ይጫናቸዋል፣ ከኋላ ያለው ቀስት ከሄልሜቱ ጠርዝ ጋር ይጋጫል፣ ጆሮውም ክፍት ስለሚቀር ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ጫፋቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኖ የጆሮ ደጃፍ ላይ ብቻ የሚያርፉት፣ ከስልክ ጋር ይመጡ የነበሩት ዓይነቶችም ምንም አይደፍኑም።

የቀሩት ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገቡት ናቸው፤ በእነዚህም መካከል ትልቁ ልዩነት ቅርጽ ነው። ማዳመጫው ከገባ በኋላ ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ፊት ካለችው ትንሽ ወጣ ያለች ሥጋ ወደ ኋላ ያንሸራቱ። ጣትዎ ማዳመጫውን የሚነካው ከጆሮዎ ገጽ ወጣ ብሎ ከሆነ ሄልሜቱም ይነካዋል፤ ሲያጠልቁ ይነቅለዋል፤ ካልነቀለው ደግሞ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አሁን የሚቆረቁርዎ ይኸው ነው። በግጭት ጊዜም ወጣ ያለ ጠንካራ ነገር በጆሮና በሄልሜት መካከል መኖሩ ጆሮውን ሊጎዳው ይችላል። እንደ ኤርፖድስ ፕሮ ያሉ ወደ ታች የሚወርድ ዘንግ ያላቸው ማዳመጫዎች በሌላ ቦታ ጥሩ ቢሆኑም፣ ጠባብ ሄልሜት ሲጠለቅ ዘንጉ በትራሱ ይያዝና ማዳመጫው ይዞራል፤ በዞረ ቁጥርም መድፈኑ ይፈርሳል። ከእነርሱ ይልቅ ክብና አጭር የሆኑት፣ በጆሮ ጉድጓድ ውስጥ ተኝተው የሚቀሩት ይሻላሉ።

እኔ ለረጅም መንገድ ከሁሉ የማስቀድመው ግን ዛሬ ብዙ ሰው ያለፈበት የሚመስለውን ባለ ገመዱን ነው፤ በተለይ የመድረክ ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበትን፣ ገመዱ ከጆሮ በላይ ዞሮ ወደ ኋላ የሚወርደውን ዓይነት። ሹር ኤስኢ 215 የሚባለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አካሉ በጆሮ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ገመዱ በጆሮ ጀርባ ስለሚያልፍ ሄልሜቱ ወደ ታች ሲሳብ አይነቅለውም፣ ባትሪ የለውምና መንገድ ላይ አያልቅም። ገመዱን በጃኬትዎ ውስጥ በጀርባ በኩል ያሳልፉት፤ ከውጭ ተንጠልጥሎ አይቅር። ስልክዎ የገመድ ቀዳዳ ከሌለው ትንሽ መለወጫ ያስፈልገዋል፤ እርሱንም አብረው እንዲልኩልዎ ለወንድምዎ ይንገሩ።

ከማዳመጫው ዋጋ ይልቅ ደግሞ ጫፉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። አብዛኞቹ የሚመጡት የሲሊኮን ጫፍ ይዘው ነው፤ ሲሊኮን ለማጽዳት ቀላል ነው፣ ግን አገጭ በተንቀሳቀሰ ቁጥር፣ ላብም ሲነካው ይንሸራተታል። በጣት ተጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ ከገባ በኋላ ቀስ ብሎ የሚያብጠው የስፖንጅ ጫፍ የጆሮን ቅርጽ ይይዛል፤ ነፋሱንም በይበልጥ ያግዳል። አገባቡ ግን ሥርዓት አለው። ጫፉን በሁለት ጣት አቅጥነው ይጠቅልሉ፤ በሌላው እጅዎ በራስዎ ላይ ዞረው የጆሮዎን የላይኛ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ያስገቡና እስኪያብጥ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል በጣትዎ ይዘው ይቆዩ። በትክክል መደፈኑን የሚያውቁት ሲናገሩ ነው፦ የራስዎ ድምፅ በጋን ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ከሆነ ተደፍኗል። እንደ ወትሮው ከተሰማዎ አልተደፈነም፤ አውጥተው ይድገሙት። በችርቻሮ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የመከላከል ቁጥር በላቦራቶሪ በትክክል ለገባ ጫፍ ስለሆነ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ለቀረ ጫፍ አይሠራም።

ጫጫታን በኤሌክትሮኒክስ የሚያጠፉት ማዳመጫዎችስ? እነዚህ በውጭ ባላቸው ማይክሮፎን ጫጫታውን ሰምተው ተቃራኒውን ሞገድ ያመነጫሉ፤ የሚሠሩትም በወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። የነፋስ ጉምጉምታ ወፍራም ስለሆነ በሐሳብ ደረጃ ይስማማሉ፤ በከተማ ፍጥነትና በሚኒባስ ጉምጉምታ መካከልም ይጠቅማሉ። ነገር ግን ሁለት ችግር አለባቸው። የነፋሱ ንቅናቄ ማይክሮፎኑን በቀጥታ ሲመታው መሣሪያው ይሳሳትና ጥም፣ ጥም የሚል የራሱን ድምፅ ይፈጥራል፤ የሄልሜቱ ስፖንጅ ማይክሮፎኑን ሲያሽም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክሱን በመድፈኑ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ እንጂ የመድፈኑ ምትክ አድርገው አይውሰዱት። ሁለተኛው፣ ብዙዎቹ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች በመንካት ይታዘዛሉ፤ ትራሱ ሲነካቸው ዘፈን ያቋርጣሉ፣ ስልክ ይደውላሉ። መንገድ ላይ እጅዎን ከመሪው አንሥተው በሄልሜት ውስጥ ጣት ለማስገባት ከመሞከርዎ በፊት ይህን ትእዛዝ በስልክዎ መተግበሪያ ላይ ይዝጉት።

በሄልሜቱ ውስጥ በጆሮ ትይዩ የሚለጠፉት ጠፍጣፋ ድምፅ ማጉያዎች ወይም ኢንተርኮሞች ሌላው አማራጭ ናቸው። አይቆረቁሩም፣ አይወልቁም፣ በየዕቃ ማድረሻው ቤት ሄልሜቱን በሃያ ጊዜ ቢያወልቁ ችግር የለባቸውም። ነፋሱን ግን ፈጽሞ አያግዱም፤ በፍጥነት ላይ የሚያስገድዱት ድምፅ ማጉላትን ነው። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም ይቻላል፦ ጆሮን በተራ የስፖንጅ መድፈኛ ደፍኖ ማጉያውን መክፈት። መድፈኛው ነፋሱንም ማጉያውንም እኩል ስለሚቀንስ፣ መንገድ ጠቋሚው ይሰማል፣ ጆሮም ይድናል። ይህ ከጥሩ ማዳመጫ ጋር የሚወዳደር መፍትሔ ነው። ማጉያው ልክ በጆሮው ቀዳዳ ትይዩ መሆን አለበት፤ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ድምፁ በጣም ይቀንሳል። ለማስቀመጫ ቦታ ሲባል ግን በጨርቁ ሥር ያለውን ነጭ ስታይሮፎም መቁረጥ ወይም መፋቅ በፍጹም አይገባም። አንዳንድ ጠጋኞች «ትንሽ ልፋቅልህ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በግጭት ጊዜ ጉልበቱን የሚውጠው ያ ነጭ ንብርብር ስለሆነ፣ የተፋቀ ሄልሜት ሄልሜት አይደለም።

አሁን ስለ ከተማው። በአዲስ አበባ ውስጥ በ30 እና በ40 ሲነዱ ነፋሱ ትንሽ ነው፤ አደጋው ደግሞ በጎን የሚገባ ሚኒባስ፣ በድንገት የሚከፈት በር፣ ከኋላ የሚመጣ አምቡላንስ ነው። በዚህ ፍጥነት ጆሮን ሁለቱንም ደፍኖ ሙዚቃ መክፈት ተገቢ አይደለም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። የወንድምዎ ማስጠንቀቂያም ትክክል ነው፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በካሊፎርኒያም በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ በጆሮ የሚገባ ማዳመጫን በአንድ ጆሮም ቢሆን ለአሽከርካሪዎች ከልክላ፣ በሄልሜት ውስጥ የተገጠመ ማጉያን ፈቅዳለች። ወንድምዎም በሜሪላንድ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ከሆነ ለእርሳቸው የሚሻለው የሄልሜት ማጉያው ነው። እርስዎ በከተማ ሥራ ላይ የመንገድ ጠቋሚና የደንበኛ ጥሪ ብቻ ስለሚያስፈልግዎ፣ የሄልሜት ማጉያ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ የሚደረግ ማዳመጫ ይበቃዎታል። በአንድ ጆሮ ካደረጉ በቀኝ ያድርጉት፤ በአገራችን የሚቀድምዎ መኪና የሚመጣው በግራ በኩል ስለሆነ ግራ ጆሮዎ ክፍት ይሁን። ያም ሆኖ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የምንለየው ሁለቱን ጆሮዎች በማነጻጸር ነውና፣ አንዱ ሲሸፈን ይህ ችሎታ ይቀንሳል፤ መስታወትዎን ከወትሮው ደጋግመው ይመልከቱ። ከከተማ ሲወጡ ደግሞ አንዱን ጆሮ ክፍት አድርገው አይሂዱ፤ ክፍቱ ጆሮ ያንን ሁሉ ነፋስ ብቻውን ይቀበላልና ቢያንስ በተራ መድፈኛ ይሸፈን።

በእርስዎ መንገድ ላይ ሌላ ቦታ የማይነሣ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የጣርማ በር ቁልቁለት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ዋሻ ተነሥተው በደብረ ሲና በኩል ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ የአየሩ ግፊት በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጨምራል። ጆሮው በጥብቅ ከተደፈነ በመድፈኛውና በታምቡሩ መካከል የታሰረው አየር ከውጩ ጋር እኩል መሆን አይችልም፤ ታምቡሩ ይወጠራል፣ ሕመምም ይሰማል። ዋሻውን ካለፉ በኋላ በቁልቁለቱ ላይ ቆም እያሉ ማዳመጫውን አውጥተው እንደገና ያስገቡት፤ በመውረድ ላይ ሳሉም ደጋግመው ምራቅ ይዋጡ። ጉንፋን ከያዘዎ ያን ቀን ቁልቁለቱን በተደፈነ ጆሮ አይውረዱ፤ በዝግታ ከነዱ ነፋሱም ይቀንሳል። ማዳመጫውን ሲያወጡ ደግሞ ሁልጊዜ እያዞሩ በቀስታ ያውጡት፤ በኃይል መንቀል ታምቡሩን ይስበዋል።

ስለ ጭውታው ልመለስ። በውስጠኛው ጆሮ በእያንዳንዱ በኩል ወደ 15,000 የሚሆኑ፣ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ከጫጫታ በኋላ ጭው ማለቱ እነርሱ ከአቅማቸው በላይ እንደሠሩ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ የሞቱት በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። ጉዳቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በቀጭን ድምፆች ላይ፣ በ4,000 ሄርዝ (ሄርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ስለሆነ ሰውየው መስማቱ እንደቀነሰ ወዲያው አያውቅም። የሚጠፉበት እንደ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ያሉ ቀጫጭን ፊደላት ናቸው፤ «ሰማ» ይሁን «ሸማ» መለየት ያቅተዋል፤ ሰዎች እያጉተመተሙ ያወሩበት ይመስለዋል። ይህን የምጽፍልዎ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በወጣትነቴ ለመስክ ሥራ በሞተር ሳይክል ለዓመታት ስመላለስ ጆሮዬን አንድም ቀን ደፍኜ አላውቅም ነበር፤ በኋላ በራሴ ላይ ምርመራ ባደረግሁ ጊዜ ያን የ4,000 ሄርዝ ስርጉድ የግራ ጆሮዬን መስማት በሚያሳየው የምርመራ መስመር ላይ አየሁት። ሌሊት ቤቱ ፀጥ ሲል የምሰማው ቀጭን ድምፅም ከዚያ ወዲህ አልተለየኝም። እርስዎ ገና በጊዜ ላይ ነዎት። ጭውታዎ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ወይም በእያንዳንዱ ጉዞ ከተደጋገመ፣ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ሄደው የመስማት ምርመራ ያድርጉ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ይሂዱ።

ማዳመጫውን ከመርካቶ ወይም ከሌላ ቦታ ራስዎ የሚገዙ ከሆነ ሄልሜትዎን ይዘው ይሂዱ። የታዋቂ ድርጅት ስም ተጽፎባቸው በጥቂት ብር የሚሸጡትን ስማቸውን ሳይሆን ቅርጻቸውን ይመልከቱ። ያስገቡት፣ የሄልሜቱን ማሰሪያዎች በሁለት እጅ ወደ ጎን በደንብ ከፍተው ያጥልቁ፣ ያውልቁ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ስስ የጥጥ ቆብ ከጆሮ በላይ ቢለብሱ ሄልሜቱ በጨርቁ ላይ ስለሚንሸራተት ማዳመጫው ሳይነካ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ማዳመጫ ከመለወጡ በፊት ይህን ቢሞክር ችግሩ በግማሽ ይቀልለት ነበር። ቤት ወስደው ደግሞ ሄልሜቱን ከነማዳመጫው አጥልቀው ሳይነዱ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። በሱቅ ውስጥ በአምስት ደቂቃ የማይሰማ ቁርቆራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራሱን ያሳያል።

ለወንድምዎ እንግዲህ እንዲህ ብለው ይጻፉላቸው፦ ከጆሮ ገጽ የማይወጣ፣ ገመዱ በጆሮ ጀርባ የሚዞር፣ ጫፉ የሚለወጥ ባለ ገመድ ማዳመጫ፤ ከእርሱም ጋር ትንሽና መካከለኛ መጠን ያላቸው የስፖንጅ ጫፎች። ሁለቱም መጠን እንዲላክልዎ የምለው የአንድ ሰው ግራና ቀኝ የጆሮ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ እኩል ስላልሆነ ነው፤ በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትንሽ ሊያስፈልግዎ ይችላል። ስፖንጁ ላብና የጆሮ ኩክ ሲጠጣ ይደርቃል፣ ማበጡንም ያቆማል፤ በየቀኑ ከተጠቀሙበት በየሁለትና ሦስት ወሩ ስለሚለወጥ ከአንድ ጥንድ በላይ ይላኩ። ለከተማው ሥራ ደግሞ ያለዎትን ገመድ አልባ ማዳመጫ አይጣሉት፤ የቀኙን ብቻ፣ ድምፁን ከግማሽ በታች አድርገው ይጠቀሙበት።